መምታት ያቃተው መቺ ስንተኛ ይሰለፍ?

አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው ቤዝቦልን ባይወድ እንኳ ከቤዝቦል ክርክር አያመልጥም። ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ከኋላ ወንበር ይሰማዋል፤ ፓርኪንግ የሚሠራው ከደንበኞቹ ይሰማዋል፤ ቢሮ የሚውለውም ቡና ሲቀዳ አይቀርለትም። ከነዚህ ክርክሮች መካከል በየዓመቱ ሳይሰለች የሚነሣ አንድ አለ። ትናንት ጎበዝ የነበረ መቺ ድንገት መምታት ሲያቅተው ማኔጀሩ ከነበረበት ተራ ያውርደው ወይስ ይተወው? ቢያወርደውስ ስንተኛ ላይ ያድርገው? እኔ በእግር ኳስ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ወደዚህ ጨዋታ የሳበኝ ግን ይኸው ጥያቄ ነው። ልጆቻችን በየሰፈሩ ቡድን ገብተው መጫወት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ከቴሌቪዥኑ ወርዶ ቤታችን ገብቷል። «ልጄን ስምንተኛ ያደረጉት ንቀውት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ወላጅ አንድ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ለማያውቁት ባጭሩ ይህን ልበል። እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ መቺዎች አሉት። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ማኔጀሩ የዘጠኙን ስም በተራ ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ተራው አይፋለስም፤ ዘጠነኛው ሲጨርስ ተመልሶ አንደኛው ይመጣል። ተጫዋች መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን የገባው የወጣውን ሰው ተራ ይወርሳል፤ የወጣውም በዚያ ጨዋታ ዳግመኛ አይመለስም። ሦስት ሰው «አውት» ሲሆን የመምታቱ ዕድል ወደ ተቃራኒው ቡድን ይሻገራል። ይህ ዘጠኝ ጊዜ ይደጋገማል፤ እያንዳንዱም ዙር «ኢኒንግ» ይባላል። መቺው ኳሱን መትቶ በራሱ ምት ቤዝ ላይ በሰላም ከደረሰ «ሂት» አገኘ ይባላል። ከአሥር ሙከራ ሦስቱን ሂት ያደረገ ሰው እንደ ጀግና ይቆጠራል፤ ማለትም ምርጡም መቺ አብዛኛውን ጊዜ ይከሽፍበታል። ይህን ያልያዘ ሰው ቀጥሎ ያለው ነገር ሁሉ ግራ ያጋባዋል።

በእግር ኳስ ጎል የራቀው አጥቂ ወይ ይሰለፋል ወይ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቤዝቦል ግን በመሐል ዘጠኝ ደረጃ ያለው መሰላል አለው። አንድን ሰው ከሜዳ ሳያስወጡ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የክርክሩ ሁሉ ምንጭ ይህ መሰላል ነው።

ደረጃዎቹ ደግሞ የየራሳቸው ማዕረግ አላቸው። በቆየው ልማድ አንደኛው መቺ እግሩ ፈጣን፣ ዓይኑ ንቁ፣ በማንኛውም መንገድ ቤዝ ላይ መድረስን የሚያውቅ ሰው ነው። የዚህ ቦታ ንጉሥ ሪኪ ሄንደርሰን ነበር። በሙያ ዘመኑ 1,406 ቤዝ ሰርቋል (ይህ ስርቆት በሕግ የተፈቀደ ነው)፤ የቡድኑ የመጀመሪያ መቺ ሆኖ ጨዋታን በሆም ረን የከፈተው ደግሞ 81 ጊዜ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ቦታ የጉልበተኞቹ ነው። አራተኛው «ክሊንአፕ» ይባላል፤ ቀድመውት ቤዝ ላይ የቆሙትን ጠርጎ የሚያስገባ ለማለት ነው። ስምንተኛውና ዘጠነኛው ለደካሞቹ የተተወ ነበር። በ1929 የኒውዮርክ ያንኪስ ማሊያቸው ላይ ቁጥር ሲለጥፉ ቁጥሩን የሰጡት በመቺዎቹ ተራ መሠረት ነው፤ ቤብ ሩት 3 ቁጥርን፣ ሉ ጌሪግ 4 ቁጥርን የለበሱት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ቦታው ከሥራ ድልድልነት አልፎ የክብር መቀመጫ ሆኗል ማለት ነው። አራተኛውን ሰው ስምንተኛ ማድረግ፣ ድግስ ላይ ከላይኛው መደብ የተቀመጠን እንግዳ «እስቲ ወደ በሩ ጠጋ በሉ» እንደ ማለት ነው። እንግዳው ምግቡ አይቀርበትም፤ ነገር ግን ድግሱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አይቷል።

ምግቡ ምን ያህል እንደሚቀንስበት በሒሳብ እንየው። ጨዋታው ሲያበቃ የመጨረሻው መቺ ከዘጠኙ ማንኛውም ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በአምስተኛው ላይ ቢያበቃ፣ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያሉት ከቀሩት አራቱ አንድ ዕድል አብልጠው አግኝተዋል። ስለዚህ አራተኛና አምስተኛ የሚለያዩት ጨዋታው በአራተኛው ላይ ባበቃበት ቀን ብቻ ነው፤ ይህም በግምት ከዘጠኝ ጨዋታ በአንዱ ይደርሳል። ዋናው ሊግ በዓመት 162 ጨዋታ አለው። ለዘጠኝ ሲካፈል 18 ይሆናል። አንድ ደረጃ የወረደ ሰው በዓመት የሚያጣው 18 ያህል የመምቻ ዕድል ነው ማለት ነው። ሦስተኛ የነበረ ሰው ስድስተኛ ቢሆን በሙሉው ዓመት 54 ዕድል፣ ስድስት ጨዋታ ባለበት ሳምንት ደግሞ ሁለት ዕድል ይቀንስበታል። ሰውየው 0.270 መምታት ሲገባው 0.200 እየመታ ነው እንበል። በነዚያ 54 ዕድሎች በሱ ምትክ 0.270 የሚመታ ሰው ቢገባ ቡድኑ በዓመት የሚያተርፈው አራት የማይሞላ ሂት ነው! በሬዲዮ ያ ሁሉ ጩኸት ለአራት ሂት ነው።

በእርግጥ ዕድሉ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ብቻ ሳይሆን በምን ሁኔታ እንደሚመጣም ይታያል፤ ቤዝ ላይ ሰው እያለ የሚመታና ባዶ ሜዳ ላይ የሚመታ እኩል አይደሉም። ይህንን ጠለቅ ብለው ያሰሉት ቶም ታንጎ፣ ሚቸል ሊክትማንና አንድሩ ዶልፊን ናቸው፤ በ2006 «ዘ ቡክ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ከደረሱባቸው ነገሮች አንዱ የብዙ ማኔጀሮችን ልማድ የሚነቅፍ ነው። ምርጦቹ ሦስት መቺዎች አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ላይ መግባት አለባቸው ይላሉ። ሦስተኛው ቦታ እንደሚወራለት አይደለም፤ በመጀመሪያው ኢኒንግ ሦስተኛው መቺ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለቱ ከፊቱ ያሉት አውት ሆነው፣ ቤዙ ባዶ ሆኖ ነው። ሌላው ግኝታቸው ደግሞ ክርክሩን በሙሉ የሚያቀዘቅዝ ነው። በተለመደው አሰላለፍና በምርጡ አሰላለፍ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ነጥብ ያህል ብቻ ነው። አሥር ነጥብ በዚህ ጨዋታ አንድ ድል ያህል ይመዘናል። ከ162 ጨዋታ አንዱ።

ትምህርቱ ሜዳ ላይ ገብቷል። በ2024 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሾሄ ኦታኒን የዓመቱን ትልቅ ክፍል አንደኛ አድርገው አሰለፉት፤ እሱም 54 ሆም ረን መትቶ 59 ቤዝ ሰርቆ ጨረሰ። በአባቶቻችን ዘመን እንዲህ ያለ ጉልበተኛ አንደኛ ቢሰለፍ ማኔጀሩን ጤና የጎደለው ይሉት ነበር።

ታዲያ ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ለምን እንጨነቃለን? የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ቦታው ራሱ ለነጥቡ ብዙም አይጨምርም፤ ለሰውየው ግን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ይሁን?» መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰውየው በእውነት ታሟል ወይስ ዕድል ፊቷን አዙራበት ነው?» የሚለው ነው።

አሜሪካኖች መቺ ሲቀዘቅዝ «ስላምፕ ውስጥ ገባ» ይላሉ፤ አዘቅት ውስጥ እንደ መውደቅ ነው። እውነተኛ ችሎታው 0.270 የሆነ መቺ በ50 ሙከራ ውስጥ በአማካይ 13 ወይም 14 ሂት ያገኛል። ነገር ግን ምንም ሳይጎድለው፣ እንዲሁ በአጋጣሚ ብቻ፣ 7 ወይም ከዚያ በታች ሊያገኝ የሚችልበት አጋጣሚ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ነው። ጥቂት ይመስላል። ይሁን እንጂ 30 ቡድኖች እያንዳንዳቸው ዘጠኝ መቺ ሲኖራቸው 270 ሰው ይሆናል። ሁሉም እንዲህ ያሉ መቺዎች ቢሆኑ፣ በየሁለት ሳምንቱ ስድስት ሰባት ሰው ያለ አንዳች ሕመም አዘቅት ውስጥ የገባ ይመስላል ማለት ነው። በየከተማው ያለው ጋዜጠኛ ደግሞ ምክንያት ይፈልግለታል፤ ትዳሩ ነው፣ ደሞዙ ነው፣ ዕድሜው ነው ይላል።

እውነተኛውን ሕመም ከአጋጣሚው የሚለዩ ምልክቶች አሉ። ኳሱን በጉልበት እየመታ በተከላካዮቹ እጅ እየገባበት ከሆነ ይታገሡታል። ከ2015 ጀምሮ በዋናው ሊግ ሜዳዎች ሁሉ የተተከለው ስታትካስት የተባለው መለኪያ የእያንዳንዱን ኳስ ፍጥነት ይመዘግባል፤ ከመቺው ዘንግ በሰዓት 95 ማይል፣ ማለትም 153 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወይም ከዚያ በላይ የወጣ ኳስ በኃይል እንደተመታ ይቆጠራል። እንዲህ ያሉት ኳሶች ካልቀነሱ ሰውየው ጤነኛ ነው። በተቃራኒው ከዚህ በፊት ይደርስበት የነበረውን ፈጣን ኳስ እየሳተ ከሆነ፣ መጥፎውን ኳስ ማሳለፍ ትቶ ሁሉንም እያሳደደ ከሆነ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ወይ ጉዳት ደብቋል፣ ወይ ዕድሜ መጥቷል፣ ወይ አቋቋሙ ተበላሽቷል። እዚህ ላይ በቁጥር መታለልም አለ። የፊላደልፊያ ፊሊስ ካይል ሽዋርበር በ2023 የመታው 0.197 ብቻ ነው፤ በድሮው ዓይን ከሥራ የሚያስባርር ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት ግን 47 ሆም ረን መታ፤ ወርዋሪዎቹ ፈርተውት ወይም እሱ ታግሦ 126 ጊዜ በነፃ ቤዝ ላይ ተራመደ። አብዛኛውን ዓመት የተሰለፈውም አንደኛ ሆኖ ነው። ማኔጀሩ 0.197ን አይቶ ዘጠነኛ ቢያደርገው ራሱን ይጎዳ ነበር።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ ነገሩ የሚገባው በሰዎቹ ታሪክ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ አንድ ማኔጀር በሁለት ዓመት ልዩነት የሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። ጆ ቶሬ ያንኪስን ከ1996 እስከ 2007 መርቶ አራት ጊዜ ዋንጫ ያበላ ሰው ነው። በኤፕሪል 2004 የቡድኑ ካፒቴን ዴሪክ ጂተር በተከታታይ 32 ጊዜ ሞክሮ አንድ ሂት አጣ። የራሱ ሜዳ ተመልካች ሳይቀር አጉረመረመበት። ቶሬ ከላይኛው የተራው ክፍል አላወረደውም። ኤፕሪል 29 ቀን ጂተር የኦክላንዱን ባሪ ዚቶ ሲገጥም አንደኛ መቺ ሆኖ ነበር የገባው፤ ጨዋታውን በሆም ረን ከፈተው። ያን ዓመት በ0.292 እና በ23 ሆም ረን ፈጸመ። በኤፕሪል ያየው ሰው ይህን ቢነገረው አያምንም።

ሁለተኛው ውሳኔ በኦክቶበር 2006 የሆነው ነው። አሌክስ ሮድሪጌዝ በ2005 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠ፣ በ2006ም 35 ሆም ረን የመታ ሰው ነው። ሆኖም ያን ዓመት በሙሉ የኒውዮርክ ሕዝብ ይጮኽበት ነበር፤ ደሞዙም፣ ከሌላ ቡድን መምጣቱም፣ ሁሉም ተደምሮ። በዲትሮይት ታይገርስ ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ዙር ማጣሪያ ኳሱ እምቢ አለው። ያንኪስ 2 ለ 1 ተመርተው፣ ቢሸነፉ የሚሰናበቱበት አራተኛው ጨዋታ ኦክቶበር 7 ቀን ደረሰ። የአሰላለፉ ወረቀት ሲወጣ ሮድሪጌዝ ስምንተኛ ነው። ያንኪስ 8 ለ 3 ተሸንፈው ተሰናበቱ፤ ሮድሪጌዝም በአራቱ ጨዋታ በ14 ሙከራ አንድ ሂት ብቻ ይዞ ቀረ።

ከሒሳቡ አንጻር ይህ ምንም ማለት አይደለም። ከአራተኛ ወደ ስምንተኛ መውረድ በአንድ ጨዋታ ግማሽ ዕድል እንኳ አይሞላም። ያንኪስን ያሸነፋቸው የዲትሮይት ውርወራ ነው እንጂ የሮድሪጌዝ ቦታ አይደለም። ግን ያን ወረቀት ያየ ሁሉ ያነበበው ሌላ ነገር ነው፤ «አላምንህም» የሚል። ጂተርን በ32 ሙከራ የታገሠ ሰው ሮድሪጌዝን በጥቂት ጨዋታ አልታገሠውም። ለቶሬ የሚሟገቱ ሰዎች አንድ ትልቅ ነጥብ አላቸው፤ በኤፕሪል 140 ጨዋታ ከፊት አለ፣ በኦክቶበር ነገ የለም፤ ትዕግሥት ጊዜ ያለው ሰው ሀብት ነው ይላሉ። እውነት ነው። እኔ ግን ከዚህ ተቃራኒውን እወስዳለሁ። ነገ ከሌለ፣ ማውረዱ የሚያመጣው ትርፍም የለም፤ ግማሽ ዕድል ለማትረፍ የአንድን ሰው ክብር በአገር ፊት መክፈል ውድ ግዢ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሮድሪጌዝ በዚያው ማኔጀር ሥር ወደ አራተኛው ቦታው ተመልሶ 54 ሆም ረን መታ፣ 156 ነጥብ አስገባ፣ ዳግመኛም ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሰውየው አልታመመም ነበር።

ማውረድ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ2009 የቦስተን ሬድ ሶክሱ ዴቪድ ኦርቲዝ ዓመቱን ክፉኛ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሆም ረን እስከ ሜይ 20 ድረስ አልመታም። ማኔጀሩ ቴሪ ፍራንኮና መጀመሪያ ጥቂት ቀን አሳረፈው፤ ቆይቶ በወሩ መጨረሻ ከሦስተኛ ወደ ስድስተኛ አወረደው። ስምንተኛ አላደረገውም፤ ለአንድ ቀን ብሎ ደግሞ አልሞከረውም። ኦርቲዝ ዓመቱን በ28 ሆም ረንና በ99 ያስገባቸው ነጥቦች ጨረሰ። ማውረዱ ነው ያዳነው ብዬ አልምልም፤ ምናልባት ቢተወውም ይድን ነበር። ልብ የምለው አካሄዱን ነው፤ ቀስ ብሎ፣ በወቅቱ መሐል፣ የሚመለስበት መንገድ ሳይዘጋ።

መሰላሉ የማይረዳበት ጊዜም አለ፤ ለዚህ እኛ ሜሪላንድ ያለነው ምስክር አያሻንም። የባልቲሞር ኦሪዮልሱ ክሪስ ዴቪስ በ2013 53 ሆም ረን የመታ ግዙፍ ነበር። በ2016 መጀመሪያ በሰባት ዓመት 161 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በ2018 አማካዩ 0.168 ደረሰ፤ በቂ ጊዜ ከተሰለፉ መቺዎች ሁሉ በታሪክ ዝቅተኛው ነው። ከዚያ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 2019 ድረስ በተከታታይ 54 ጊዜ ሞክሮ አንድ ሂት አጣ፤ ከዚያ በፊት ዩጂኒዮ ቬሌዝ ይዞት የነበረው ክብረ ወሰን 46 ነበር። ኤፕሪል 13 ቀን ቦስተን ላይ ሰንሰለቱን ሲሰብር በዚያው ቀን ሦስት ሂት አገኘ፤ ጓደኞቹም ደስታቸውን ሊደብቁ አልቻሉም። ግን አልዳነም፤ ያን ዓመት በ0.179 ጨርሶ በ2021 ጨዋታውን ተወ። ለእንዲህ ያለው ሰው ሰባተኛና ስምንተኛ እያሉ መከራከር ለታመመ ሰው አልጋውን ከመስኮት ወደ በር ማዛወር ነው። ሐኪም፣ ዕረፍት ወይም ስንብት እንጂ ቦታ አይፈውሰውም።

እንግዲህ ማኔጀር ብሆን ምን አደርግ ነበር? ኳሱን በኃይል እየመታ ዕድል ያጣውን ሰው አልነካውም። በእውነት የተበላሸውን ግን እንደ ዓይነቱ እለያለሁ። ጉልበተኛው መቺ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ይግባ፤ እዚያ ቢከሽፍበት ከኋላው ያሉት ደካሞች ስለሆኑ የሚበላሸው ጥቂት ነው፤ ቢሳካለት ደግሞ ከፊቱ አራተኛና አምስተኛው ቤዝ ላይ ይኖራሉ። ጥበቡ ቤዝ ላይ መድረስ የሆነው ፈጣን ሰው ግን ዘጠነኛ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ዘጠነኛ ማለት የተራው ጭራ ብቻ አይደለም፣ ከአንደኛው ፊት የቆመ ጎረቤትም ነው። ቶኒ ላሩሳ በ1998 ወርዋሪውን ስምንተኛ አድርጎ እውነተኛ መቺ ዘጠነኛ ላይ ያስገባው ይህን አስቦ ነው፤ ማርክ መጓየር ሲመጣ ቤዝ ላይ ሰው እንዲጠብቀው። ከ2022 ወዲህ በሁለቱም ሊጎች ወርዋሪ ስለማይመታ ዘጠነኛው ቦታ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነፃ ሆኗል። የታመመውን ሰው ከምርጡ መቺ ቀጥሎ ማድረግ አልወድም፤ ወርዋሪው ምርጡን በነፃ አሳልፎ ደካማውን ይገጥመዋል፤ ባለፈው ሳምንት የተሰበረ ሰው ደግሞ ቤዙ ሁሉ ሞልቶ ሕዝብ እየጮኸ እንዲገባ ማድረግ ጭካኔ ነው።

ውሳኔው ምንም ይሁን፣ አነጋገሩ ከቁጥሩ ይበልጣል። ተጫዋቹ ለውጡን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ከሚያነበው ከማኔጀሩ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ሥራ ቦታ የተዛወረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ሕዝብም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። በ1952 የብሩክሊን ዶጀርስ ጊል ሆጅስ በሰባቱ የዋንጫ ጨዋታዎች 21 ጊዜ ሞክሮ አንድም ሂት አላገኘም። በሚቀጥለው ዓመትም መጀመሪያ ላይ አልተሻለውም። ብሩክሊን ግን አልጮኸበትም። ደብዳቤ ጻፉለት፣ ስጦታ ላኩለት፤ አንድ የካቶሊክ ቄስ በሞቃት እሑድ ስብከቱን ትቶ ምእመናኑን «ሂዱ፣ ለሆጅስ ጸልዩ» ብሎ እንዳሰናበተ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሆጅስ ያን ዓመት በ0.302 እና በ31 ሆም ረን ጨረሰ። ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ በታዋቂዎቹ አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። ጸሎቱ ረዳው አልረዳው የእያንዳንዱ እምነት ነው፤ ጩኸቱ አለመኖሩ እንደረዳው ግን አልጠራጠርም።

የልጆቹን ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ከላይ ያለው ሒሳብ ለነሱ አይሠራምና። በብዙ የልጆች ሊጎች የመጣ ልጅ ሁሉ በተራ ይመታል፤ የሊትል ሊግ ጨዋታ ስድስት ኢኒንግ ነው፤ አሥራ ሁለት ልጅ ካለ እያንዳንዱ የሚያገኘው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዕድል ነው። እዚያ ማሸነፍ ሁለተኛ ነገር ነው፤ መማር ነው ዋናው። አሠልጣኙ ተራውን በየጨዋታው ካዟዟረ ስምንተኛ መሆን ምንም አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ አንድን ልጅ መጨረሻ ላይ ካስቀረው ግን በትሕትና መጠየቅ ይገባል። ለመጠየቅም «ለምን ስምንተኛ?» ከማለት «ምን ላይ ቢሠራ ይሻለዋል?» ማለት በር ይከፍታል። መኪና ውስጥ ተራውን ለልጁ ማንሣት ደግሞ አያስፈልግም፤ ልጁ ያውቀዋል።

ለመጨረሻ ቅርብ ጊዜ ያየነውን ላንሣ፤ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ስለሆነ። በ2025 የዶጀርሱ ሙኪ ቤትስ ከወትሮው የወረደ ዓመት አሳለፈ። ማኔጀሩ ዴቭ ሮበርትስ በጁላይ እንዲነቃ ብሎ ያደረገው ማውረድ ሳይሆን መስቀል ነበር፤ አንደኛ አደረገው፣ ኦታኒንም ሁለተኛ አሰለፈ። በኦክቶበር ከቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ጋር በነበረው የዋንጫ ፍልሚያ ቤትስ እንደገና ቀዘቀዘ። ሮበርትስ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ፣ በስድስተኛው ጨዋታ ደግሞ ወደ አራተኛ ወሰደው፤ ለውጡ ጥቂት ነው፣ ከልቡ አላወጣውም። ኦክቶበር 31 ቀን በሦስተኛው ኢኒንግ ወርዋሪው ከፊቱ የነበረውን ፍሬዲ ፍሪማንን በነፃ አሳልፎ ቤዙ ሁሉ ሞላ፤ ሁለት አውት አለ። ከላይ ጭካኔ ያልሁት ሁኔታ ማለት ነው። ቤትስ ሂት መትቶ ሁለት ሰው አስገባ፤ ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸነፉ። በማግስቱ በሰባተኛው ጨዋታ እስከ አሥራ አንደኛው ኢኒንግ ሄደው 5 ለ 4 ሲያሸንፉ የመጨረሻውን ኳስ ይዞ ሁለቱን አውት የጀመረው ራሱ ቤትስ ነበር፤ በዘንጉ ሳይሆን በጓንቱ። መምታት ያቃተውን ሰው ጨርሶ ማስወጣት የማይቻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።